ምንም ያልተበላሸ ማሽን

አለቃዬ ሚስተር ሊን መሞቱን በስልክ የነገረችኝ ማ ኖምሳ ናት። "ባባ፣ ሽማግሌው አረፈ" አለችኝ። እኔ መጀመሪያ ያልኩት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። "ሬሳውን ያየ ሰው አለ?" ብዬ ጠየቅኋት።

ጊዜው የኮሮና ሦስተኛው ማዕበል ጆሃንስበርግን ያጥለቀለቀበት ወቅት ነው። ሆስፒታል የገባ ሰው ብቻውን ገብቶ ብቻውን ይሞት ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄዬን ከውጭ የሚሰማ ሰው የድንጋጤ ጥያቄ ሊመስለው ይችላል። አልነበረም። የመሰለኝ ሸሽቷል ነው። ሞተ ተብሎ ይወራል፣ እሱ ግን አውሮፕላን ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። ማ ኖምሳ "ሆስፒታሉ የደወለው ለእኔ ነው። ስሜን ነው ያስመዘገበው" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስለነበር "እሳቸው" ብዬ ልጽፍ ይገባኛል። በሕይወቱ ሳለ ግን በልቤ እንዲያ ብዬው አላውቅም። ከሞተ በኋላ ማክበር ቀላል ስለሆነ፣ እንደለመድኩት "እሱ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ማ ኖምሳን የማውቃት ክሊፕታውን ስፓዛ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ነው። ስፓዛ ማለት ታውንሺፕ በሚባሉት የድሆች ሰፈሮች ውስጥ ከመኖሪያ ቤት ጋር የሚከፈት ትንሽ ሱቅ ነው፤ ከከምባታና ከሀዲያ የመጣን ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በእሱ ነው። እሷ ዳቦና ሻማ ትገዛኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ሰብረው ዘረፉት። ከዘራፊዎቹ መካከል በዋዜማው "ሳውቦና ባባ" ብለው ሰላም ያሉኝ ነበሩበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ሲሉኝ ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ማየት ለመድኩ።

እኔ ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ሰው ከጣላቸው መጻሕፍትና ከተበላሹ ዕቃዎች ነው። ሬዲዮም የውኃ ፓምፕም ማንም ሳያሳየኝ እጠግናለሁ። ማ ኖምሳ ይህን ታውቅ ስለነበር "የምሠራበት ቤት የስፌት ማሽን የሚጠግን ሰው ይፈልጋል" ብላ ወሰደችኝ።

ቦታው ፎርድስበርግ ጫፍ ላይ ባለ አሮጌ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና ትራክሱት የሚሉት የስፖርት ቱታ ይሰፋበታል። ማ ኖምሳና ሌሎች አራት ሴቶች ማሽኖቻቸው ላይ አጎንብሰዋል። ስድስተኛው ማሽን፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ፣ ጥግ ላይ ቆሟል። አንድ አጭር፣ ነጭ ጸጉር ያለው ሰው፣ ሚስተር ሊን፣ ወደ እሱ ጠቆመና "ጠግን" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ፈታሁት። ቺንጋውን አየሁ፣ መርፌውን ቀየርኩ፣ ዘይት ሰጠሁት፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ላቤ እየወረደ በሽታውን ፈለግሁ። በመጨረሻ ገጣጥሜው ተነሳሁና "ይሄ ማሽን ምንም አልሆነም" አልኩት። በቁጣ ነው የተናገርኩት።

"ለምን ፈታኸው?"

"ጠግን አልከኝ።"

"መጀመሪያ ለምን አልሰፋህበትም?"

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል" አለኝ። የተቀበልኩት ሥራ ይሁን ስድብ ሳይገባኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለባለቤቴ ለአማረች ስነግራት "ሰውዬው ብልህ ነው" አለች። እኔ ደግሞ "ተንኮለኛ ነው" አልኳት። አብሬው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ ክርክር ቤታችን ውስጥ አላለቀም።

ሚስተር ሊን ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድሞ ይገባል። ስንደርስ ወለሉ ተጠርጎ ይጠብቀናል። ማግኔት በገመድ አስሮ እየጎተተ፣ የወደቀ መርፌና ስፒል ይለቅማል። አለቃ ወለል ሲጠርግ አይቼ ስለማላውቅ፣ ማን ስንት መርፌ እንደጣለ የሚሰልል መሰለኝ። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ማሽን ሲታመም የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የጥፍሩ ሥር ምንጊዜም ጥቁር ነው። በአገሩ በታይዋን፣ እንደ እሱ ያለውን ሜካኒክ "ጥቁር እጅ" እንደሚሉት ነገረኝ።

"እዚያ አለቃ ሁሉ መጀመሪያ ጥቁር እጅ ነበር" አለ።

"ሁሉም?"

"እኔ የማውቃቸው።"

የምንነጋገረው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሴቶቹ ጋር ግን በዙሉ ይቀልዳል። ዙሉውን ከየት እንዳገኘው ጠይቄው "ከሥራ" አለኝ። ያም አጠራጠረኝ። ቋንቋ ለምዶ ታሪኩን የማይናገር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ አምን ነበር።

ይበልጥ የከበደኝ ግን ብርቱካኑ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ በአገሩ የጨረቃ አቆጣጠር፣ መግቢያው በር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ያወጣል። ብርቱካንና ብስኩት ይደረድራል፣ ቀጫጭን የሚጨሱ እንጨቶች ይለኩሳል፣ እጁን አጋጥሞ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ይላል። ከዚያ ብርቱካኑን ለእኛ ያድለናል። እኔ ወንጌል አማኝ ነኝ። ለጣዖት የተሠዋ አልበላም። እምቢ ብል ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ፣ እየተቀበልኩ ታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ለሚለምን ሰው እሰጥ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለእኔ ነፍስ ያልበጀ ነገር ለለማኙ ነፍስ እንዴት እንደሚበጅ አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "ይህ ለማን ነው?" አልኩት።

"ለመሬቱ ባለቤት። እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ ከመሥራቱ በፊት ያስፈቅዳል።"

"የመሬት ባለቤት እግዚአብሔር ነው።"

"ይሁን" አለ። "ይሄኛው ግን ትንሽ ነው። የቀበሌ ሠራተኛ ማለት ነው። ትልቁ ሥራ ይበዛበታል።"

ማ ኖምሳ ክር በጥርሷ እየበጠሰች "ባባ ዳንኤል፣ የእኛም ቀበሌ ሠራተኛ ብርቱካን ሳይበላ አይፈርምም" አለች። እኔ አልሳቅሁም። በእምነት የሚቀለድ አይመስለኝም፣ ዛሬም። ሆኖም "እንግዶች ነን" ያለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እሱ በዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል።

ጥርጣሬዬን ያጠናከረው ሐጂ ከድር ነው። ሐጂ የስልጤ ሰው ነው፤ ፎርድስበርግ የጅምላ መደብር አለው፤ የምንሰፋውን ትራክሱት የሚረከበን እሱ ነበር። አንድ ቀን ጭነት ሳስረክብ ጎተት አድርጎኝ፣

"ዳንኤል ወንድሜ፣ የዚህ ሰውዬ የአገሩ ልጆች ድሮ በየትንንሹ ከተማ ፋብሪካ ነበራቸው" አለኝ። "ዓርብ ደህና እደሩ ብለው ዘጉ፤ ሰኞ የሉም። ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ አላልኩህም፣ አንተ ሥራህን ሥራ።"

"ሐጂ፣ ይህን ነግረውኝ እንዴት ነው የምሠራው?"

"እና ምን ልበልህ? አትሥራ?"

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር የሚስተር ሊንን ፊት አጠና ነበር። ደህና እደሩ ሲል ድምፁ ከሌላው ቀን ይለይ እንደሆነ እሰማ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ያም አላሳረፈኝም።

ኮሮና መጣና መንግሥት አገሩን ሁሉ ዘጋ። ሌቭል ፋይቭ የተባለው ጊዜ ነው፤ ከቤት መውጣት ክልክል ሆነ። ልጄ ሩት በስልክ መማር ጀመረች። እኛም ግድግዳ ግድግዳ እያየን ተቀመጥን። ብዙ ሳይቆይ የጨርቅ ማስክ ግዴታ ሲሆን ሚስተር ሊን የሥራ ፈቃድ ወረቀት አግኝቶ ደወለልኝ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሮዘተንቪል፣ የግቢያችን በር ላይ ባኪ በሚሉት ፒካፕ መኪና መጣ። ባኪው ላይ አረንጓዴው ማሽን ታስሯል።

"ለሴቶቹ ማሽኖቻቸውን በየቤታቸው አድርሻለሁ" አለ፣ ከማስኩ በስተጀርባ። "ስድስተኛው ይሄ ነው። ባለቤትህ ትስፋ። አንተ የሁሉንም እየዞርክ ትጠግናለህ።"

"ቤቴን ፋብሪካ ልታደርገው ነው?"

"ሳሎንህን ብቻ።"

ተናደድኩ። አንድ ሰው የሚሠራበትና የሚጸልይበት ቦታ ካልተለየ ልጆቹን ማሳደግ አይችልም ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በላይ ግን የሐጂ ቃል ትዝ አለኝ። ማሽኖቹን ከሕንፃው አንድ በአንድ እያወጣ ነው። ሕንፃው ባዶ ሲሆን መሄድ ይቀላል። ነገ መንግሥት ወይም የሕንፃው ባለቤት ሲፈልገው፣ ዕቃው የሚገኘው በእኔ ቤት ነው፤ ወረቀቴ ደግሞ ገና የጥገኝነት ጠያቂ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ እስትንፋስ አሰብኩት።

አማረች ከኋላዬ መጥታ "የሩት አባት፣ ማሽኑ ፀሐይ ላይ ነው" አለች። እሷ እንዲህ ስትል ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

እሱ ወደ ግቢያችን አልገባም። በሩ ላይ ሆኖ "መስኮቱ በግራዋ በኩል ይሁን፣ ጥላዋ ጨርቁ ላይ እንዳይወድቅ" አለ። ከዚያም ሳንጠይቀው "እኔ ያደግሁት እንዲህ ያለ ሳሎን ውስጥ ነው" አለን። ልጅ ሳለ መንግሥታቸው ሕዝቡን ሳሎናችሁን ፋብሪካ አድርጉ ይለው ነበር። እናቱ ከፋብሪካ በጆንያ የፕላስቲክ አበባ ታመጣለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ምግብ በበላበት ጠረጴዛ ላይ ቅጠሉን ከግንዱ ይገጣጥማል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የገና ዛፍ መብራት ይመጣል።

"ገናን ታከብሩ ነበር?" አለች አማረች።

"ገና ምን እንደሆነ አናውቅም። መብራቱ እንደሚሠራ ለማየት ግን እናቴ እያንዳንዱን ታበራው ነበር። በዓመት ሁለት መቶ ጊዜ ገና ነበረን።"

አማረች ሳቀች። እኔ ስለ ልጅ ጉልበት አሰብኩ። "ልጅ ሆነህ ስትሠራ አይከፋህም ነበር?" አልኩት።

"ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። የእራት ክፍል ይመስለኝ ነበር።"

በየሳምንቱ የተቆረጠ ጨርቅ እያመጣ የተሰፋውን ይወስዳል። ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ይቆማል፣ እኔ ከውስጥ፤ በመካከላችን የብረት በሩ አለ። ሰዎች በዚያ ዘመን በርቀት ተቀራረቡ ይባላል፤ እኔ አልተቀራረብኩም፤ መረመርኩት። ጥያቄዎች አዘጋጅቼ እጠብቀው ነበር። አንድ ቀን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ያነበብኩትን አነሳሁበት።

"የእናንተ ታታሪነት ከድሮ ጠቢባችሁ ትምህርት የመጣ ነው ይላል መጽሐፉ። አባትን አክብር፣ ተማር፣ ሥራ ያለው ጠቢብ።"

ሚስተር ሊን ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ማስኩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። "አያቴም ያን ጠቢብ ያውቀዋል" አለ። "ሸንኮራው ሥር ተኝቶ።"

ከዚያ ነገረኝ። ጃፓኖች አገራቸውን በሚገዙበት ዘመን አያቱ ሸንኮራ ያለማ ነበር። ሸንኮራውን የሚረከበው አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ ሚዛኑም የኩባንያው ነው። አያቱ ቢለፋም ባይለፋም ሚዛኑ የሚናገረው ኩባንያው የፈለገውን ነው። ስለዚህ ተኛ። ገዢዎቹም ሰነፍ አሉት። ኋላ ጃፓኖች ሄደው መሬት ለአራሹ ሲከፋፈል፣ አባቱ ቁራሽ መሬት በስሙ አገኘ። የዚያ ሰነፍ የተባለ ሰው ልጅ ጀርባው እስኪጎብጥ ሠራ።

"ደሙ ያው ነው" አለኝ። "የተለወጠው ሚዛኑ ነው።"

"ሚዛን ብቻ ሰውን ታታሪ አያደርግም" አልኩት። ክርክር እወዳለሁ። "እኔ ልጆቼን የማስተምረው ሥራ ጠባይ ነው ብዬ ነው።"

"ፍርሃትም አለ። የእኛ ሰዎች ከቻይና ወደ ደሴቲቱ በጀልባ ሲሻገሩ ብዙዎቹ ባሕር ውስጥ ቀሩ። የደረሱት ፈሪዎች ነበሩ። መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ አውሎ ነፋስ ጣራ ይወስዳል፣ ጎረቤታችን ትልቅ ነው። ፈሪ እጁን ማሳረፍ አይችልም። አያቴ ጣራ ሲያስር አንዱን ገመድ ከሌላው ጋር አያያይዝም ነበር፤ ነፋሱ አንዱን ሲወስድ ሌላው እንዲቀር።" ከዚያ "አንተ ክሊፕታውን ሱቅህን ስንት ሰዓት ነበር የምትከፍተው?" አለኝ።

"ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት።"

"ታታሪ ስለሆንክ?"

ጨርቁን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። የእኛን አገር ልጆች በዚህ ከተማ "አይተኙም" ይሉናል፤ እኔም ይህን ሙገሳ ለልጆቼ እንደ ውርስ አድርጌ ስነግራቸው ኖሬያለሁ። ለምን እንደማንተኛ ግን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

ዓመቱ አልፎ፣ በጨረቃ አቆጣጠራቸው አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ ሚስተር ሊን ሠራተኞቹን በሙሉ ምሳ ጠራን። ባዶው ፎቅ ላይ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ፣ ወንበሮቹን አራርቆ አስቀመጠ። ይህ ምሳ በየዓመቱ ነበር፤ እኔ ግን ጾም ላይ ነኝ፣ ሆዴን አሞኛል እያልኩ በየዓመቱ ቀርቼ ነበር። በዚያ ዓመት ቤቴ ያለውን ማሽን ጉዳይ እሰማ እንደሆነ ብዬ ሄድኩ።

መካከል ላይ ሙሉ ዶሮ ቀረበ። ሙሉ ስል ከነጭንቅላቱ ማለቴ ነው፤ ኩክኔው፣ ምንቃሩ፣ የተጨፈነ ዓይኑ ሁሉ። እኛ ዘንድ ዶሮ በአሥራ ሁለት ይበለታል፤ ጭንቅላት እንኳን ለማዕድ ለድመትም በስውር ነው የሚጣለው። ይባስ ብሎ ያ ጭንቅላት የሚያየው በቀጥታ ሚስተር ሊንን ነው። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ ማየት ከበደኝ። እስከ ዛሬ ጠርጥሬው ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን አዘንኩለት። ተነስቼ ሳህኑን ግማሽ ዙር አዞርኩት፤ ጭኑ ወደ እሱ እንዲሆን። በአገሬ ለታላቅ የሚገባው ጭን ነው።

ጭንቅላቱ ማ ኖምሳ ፊት ቆመ።

ማ ኖምሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የሌሎቹም ሴቶች ወሬ ተቋረጠ። ሁሉም ሚስተር ሊንን ያያሉ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጭንቅላቱን መልሶ ወደ ራሱ አደረገው። ከዚያ ዞሮ ለእኔ አስረዳኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። በአገሩ በድሮ ጊዜ፣ በዓመቱ መጨረሻ ምሳ ላይ አለቃው ሊያሰናብተው የፈለገውን ሰው በቃል አይነግረውም። የዶሮው ጭንቅላት ወደ እሱ ይዞራል። ሰውየው በልቶ ይሄዳል፤ ከበዓል በኋላ አይመለስም።

"ወደ እኔ ሲሆን" አለ፣ "ሁሉም ይመለሳል ማለት ነው።"

"እኔ አክብሬህ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። ብላ።"

ማ ኖምሳን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ባባ፣ ልቤን ነው ያቆምከው" አለችና ማንኪያዋን አነሳች። ነገሩ እዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ማሰላሰሌን አልተውኩም። የማይሄድ ሰው፣ አልሄድም ብሎ በዶሮ መማል ለምን ያስፈልገዋል?

ከጥቂት ወራት በኋላ ብርድ ሲገባ ሐጂ ከድር ደወለልኝ። "ሕንፃውን ሜትር ይዘው የሚለኩ ሰዎች አየሁ። ሰውዬህ ግማሹን ፎቅ ሊለቅ ነው ይባላል። እኔ አላልኩህም።" በማግሥቱ ባኪ ተከራየሁ። አማረች በሩ ላይ ቆማ "እየሰፋሁበት ነው፣ የሰው ዕቃ የት ትወስደዋለህ?" አለችኝ። "ወደ ባለቤቱ" አልኳት። ሩት ከስልኳ ቀና ብላ "አባዬ፣ ሲሪየስሊ?" አለች። ዝም በይ አልኳት።

አረንጓዴውን ማሽን ደረጃውን አስወጥቼ ባዶው ፎቅ ላይ አኖርኩት። ሚስተር ሊን ብቻውን ነበር። ያስል ነበር፤ በእጁ ራቅ እንድል ምልክት ሰጠኝ።

"ምኑ ተበላሸ?" አለኝ።

"ምንም አልተበላሸም። ቤቴ መጋዘንህ አይደለም። ስትሄድ ፖሊስ የሚጠይቀው እኔን እንዲሆን አልፈልግም።"

ለምን እንዲህ አልክ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን "እሺ" ብቻ አለና የዘይት ጠርሙሱን አንስቶ ማሽኑን ዘይት ይሰጠው ጀመር። ደረጃውን ስወርድ ያደረግሁት ትክክል እንደሆነ ራሴን አሳምኜ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማ ኖምሳ ደወለች።

ከሞተ በኋላ ብዙ ቀን ሳይቆይ ከተማው በዘረፋ ተናወጠ። መደብር ሲሰበር፣ መጋዘን ሲነድ ሰነበተ። ነገሩ ሲበርድ ሄጄ ያን ፎቅ አየሁት። በሩ የለም። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሏል። አረንጓዴው ማሽን የነበረበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል። አምስቱ ማሽኖች በየሴቶቹ ሳሎን ደህና ነበሩ። ከስድስቱ የጠፋው አንዱ፣ እኔ በገዛ እጄ ተሸክሜ የመለስኩት ነው።

ማ ኖምሳ የቀረውን የነገረችኝ ያኔ ነው። ሐጂ ያወራው እውነት ነበር፤ እሷም ድሮ በአንዲት ትንሽ ከተማ ከእነዚያ ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራ ነበር። ሰኞ ጠዋት መጥተው በሩን ተቆልፎ አገኙት። ሚስተር ሊን የፋብሪካው ሜካኒክ ነበር። እሱንም አልነገሩትም፤ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ቆመ። "የሸሹት የአገሩ ሰዎች ነበሩ" አለች፣ "ልንደበድበው እንችል ነበር። ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ቆሞ ዋለ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ የምትጠይቀው እሱን ነው።"

ይህን የምጽፈው እሱን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም። ታይዋን ያለችው ልጁ ለማ ኖምሳ ስትደውል፣ አባቷ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ እንደነበር ነግራታለች። የደርሶ መልስ ይሁን የመሄጃ ብቻ አልጠየቅናትም። ማሽኖቹን በተመለከተ ደግሞ "አሮጌ ማሽን በመርከብ መጫን ትርጉም የለውም፣ ባሉበት ይቆዩ" ነው ያለችው። ይህ ቸርነት ነው ወይስ ስሌት? ማሽኖቹን በየቤታችን የበተነው ለእኛ አስቦ ነው ወይስ ኪራይ ለመቀነስ? እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው፣ ነፋሱ ሲመጣ አምስት ቤቶች ሥራ እንዳላጡ፣ የእኔ ቤት ግን እንዳጣ ነው።

በቀጣዩ ጥር፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ማ ኖምሳ ክሊፕታውን ግቢዋ ውስጥ ምሳ ጠራችን። ሴቶቹ የሐጂን ሥራ ተከፋፍለው በየቤታቸው መስፋት ቀጥለው ነበር። ለመጪው ዓመት ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚወሰነው በዚያ ምሳ ላይ ነው። እኔ ማሽን የለኝም። ማሽኑን ለምን እንደመለስኩት ሁሉም ያውቃል። አማረች "ሂድ" ባትለኝ እቀር ነበር።

ማ ኖምሳ ከመንገድ ከነሕይወቱ የገዛችውን ዶሮ፣ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ሃርድ ቦዲ የሚሉትን፣ ከነጭንቅላቱ ቀቅላ በትልቅ ሳህን አመጣች። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ጭንቅላቱ ወደ እኔ ሆነ።

የጨፈነው ዓይን እኔን ያያል። እጄ ማንኪያውን እንዴት እንዳስቀመጠ አላውቅም፤ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። መነሳት እንዳለብኝ ገባኝ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን እንዲያ እፈርዳለሁ።

ማ ኖምሳ እጇን ፎጣ ላይ እየጠረገች አየችኝ።

"አሁን ገባህ፣ ባለፈው ዓመት እኔ እንዴት እንደሆንኩ?"

"ገባኝ።"

ሳህኑን ያዘች፤ ቀስ ብላ አዞረችው፤ ጭንቅላቱን ወደ ራሷ አድርጋ ለቀቀችው። "ጭኑ ወደ ባባ ዳንኤል ነው" አለች። "ስጡት፣ ሳይጠረጥረው ይብላ።" ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁብኝ። በላሁ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ካቻቢቴና ፒንሳዬን ይዤ ቤቷ ደረስኩ። ማሽኗ ክር ይበጥሳል ብላኝ ነበር። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አድርጌ እጄን ወደ ብሎኑ ልኬ ነበር፤ መለስኩት። ቁራጭ ጨርቅ ስጪኝ አልኳትና መጀመሪያ ሰፋሁበት።